ባትሪው ይቀየር ወይስ መንገዱ?

የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ይላል። ኤሌክትሪክ መኪና ያላችሁ፣ ልትገዙ የምታስቡ፣ ወይም ዘመዳችሁ ገዝቶ «ባትሪው ደከመብኝ» ሲል የሰማችሁ ታገሡኝና እስከ መጨረሻው አንብቡት።

ነገሩ የተጀመረው ዓባይ በረሃ ውስጥ ነው። መንገዱ ክፍት በነበረበት ሰሞን ታላቅ ወንድሜ እናታችንን ሊጠይቅ ከአዲስ አበባ ወደ ሞጣ ተነሣ፤ እኔም አብሬው ነበርኩ። መኪናዋ አገልግላ የመጣች ትንሽ ኤሌክትሪክ መኪና ናት። ፍቼ ዘመድ ቤት አደርን፤ እሷም ሌሊቱን ሙሉ ቻርጅ ስትደረግ አደረች። ጠዋት መቶ በመቶ ሞልታ ወጣን። ጎሃ ጽዮን ስንደርስ ደህና ነበረች። ቁልቁለቱን ስንወርድማ ጭራሽ የባትሪው ቁጥር እየጨመረ ሄደ። ወንድሜ «አየህ፣ ዓባይ ራሱ ቻርጅ ያደርግልናል» እያለ ይስቃል። በጃፓን መንግሥት እርዳታ ተሠርቶ በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ የተመረቀውን ድልድይ ተሻገርንና ወደ ደጀን የሚያወጣውን አቀበት ተያያዝነው።

ግማሹን ሳንወጣ ዳሽቦርዱ ላይ ቢጫ ምልክት በራ። መኪናዋ ኃይሏን ቀነሰች። ወንድሜ ነዳጅ መስጫውን (ነዳጅ ባይኖራትም ስሙ አልተቀየረም) እስከ ወለሉ ቢረግጠውም የምትሄደው በሰው እርምጃ ሆነ። የሚገርመው ቁጥሩ ገና 31 በመቶ ነው የሚለው። ሁለት ኩርባ እንደወጣን ከ31 ወደ 12 ዘሎ ወረደ፤ ከዚያ ቆመች። ሙቀቱ እንደምታውቁት ነው። ከኋላችን የጭነት መኪናው ጥሩንባውን ይነፋል። በመጨረሻ አንድ አይሱዙ በገመድ ጎትቶ ደጀን አወጣን። ኤሌክትሪክ መኪና ጎማዋ መሬት ላይ እየተንከባለለ መጎተት እንደሌለባት የሰማነው ከዚያ በኋላ ነው። ሞተሩ እየዞረ ኤሌክትሪክ ያመነጫል፤ ሊያቃጥለው ይችላል። እግዜር አወጣን።

ደጀን አድረን፣ ቢቸና እንደገና ቻርጅ አድርገን፣ ሞጣ በሁለተኛው ቀን ማታ ገባን። እናታችን የዘገየንበትን ምክንያት ስትሰማ ብዙ አልገረማትም።

«የአባታችሁም በቅሎ እንደዚሁ አርጅታ ነበር» አለች። «ዓባይን ተሻግራ እስቴ ገበያ ስትመላለስ ኖረች። ኋላ አቀበቱ ሲያቅታት ሥራዋ ወፍጮ ቤት ብቻ ሆነ። ስንት ዓመት አስፈጨችልኝ! ዓባይን አልወጣም ብትል ማን ይጥላታል?»

ከዚያ ቀን ወዲህ በቤተሰባችን ውስጥ ክርክር አለ። አዲስ አበባ ያሳያት ጋራዥ «ሙሉ ባትሪው ይቀየር» አለ። የጠራው ዋጋ መኪናዋ አሁን ብትሸጥ ከምታወጣው ከግማሽ በላይ ነው። የወንድሜ ባለቤት «ሰው ሳያውቅ ሸጠን እንገላገል» ትላለች። ወንድሜ የሚሠራው በዚችው መኪና በአፕ እየተጠራ ሰው በማመላለስ ነው፤ የልጆቹ የትምህርት ቤት ክፍያ የሚወጣው ከእሷ ነው። ስለዚህ «ቀልድ አይደለም፣ እንጀራዬ ናት» ይላል። ባትሪውን ለመቀየር ከማኅበሩ ብድር ሊጠይቅ ፎርም ሁሉ ሞልቶ ነበር።

የእኔን ሐሳብ አስቀድሜ ልናገር። ሳይለካ የሚቀየር ባትሪ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው። ተለክቶ በእርግጥ ደክሞ ቢገኝ እንኳ፣ አብዛኞቻችን መጀመሪያ መቀየር ያለብን መኪናዋ የምትሠራውን ሥራ ነው እንጂ ባትሪውን አይደለም። ሸጦ መገላገል የሚባለው ደግሞ፣ ገዢው ካልተነገረው፣ ስሙ ሌላ ነው።

አንድ በአንድ ላስረዳ።

በመጀመሪያ፣ «ባትሪው ሞተ» ማለት ምን ማለት ነው? የመኪና ባትሪ እንደ ሬዲዮ ድንጋይ አንድ ነገር አይደለም። በአብዛኞቹ ትንንሽ መኪኖች ውስጥ ወደ 100 የሚጠጉ ሴሎች ወይም የሴል ጥንዶች በተርታ ተያይዘው ነው የሚሠሩት። በተርታ ስለሆኑ ነገሩ እንደ ድሮ የነጋዴ ቅፍለት ነው፤ ቅፍለቱ የሚሄደው በደካማዋ በቅሎ እርምጃ ነው። 94ቱ ጤነኛ ሆነው ሁለቱ ቢደክሙ፣ መኪናዋ የምትሄደው በሁለቱ አቅም ነው። ኮምፒውተሯም ደካሞቹ ከሚገባው በታች ሲወርዱ ሲያይ እንዳይበላሹ ብሎ ኃይል ይቀንሳል፣ ከባሰም ያቆማታል። የእኛ መኪና 31 በመቶ እያለች የቆመችው ለዚህ ነው። ቁጥሩ የአማካዩን ነገረን፤ አቀበቱ ግን የደካማዎቹን ገለጠ።

ዓባይ በረሃ ለባትሪ እንዴት ያለ ፈተና እንደሆነ በቁጥር እዩት። ከድልድዩ እስከ ደጀን ያለው ከፍታ ከ1,300 ሜትር በላይ ነው። ሰውና ዕቃ ጨምራ 2 ቶን የምትመዝን መኪና ይህንን ከፍታ ለመውጣት ብቻ 7 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ያስፈልጋታል። የሞተሩ ብክነትና የመንገዱ ፍትጊያ ሲጨመር 10 ይደርሳል። ቁልቁለቱ የሚመልሰው ከፊሉን ብቻ ነው። ጎሃ ጽዮን ላይ ሞልታችሁ ከወረዳችሁማ ማስቀመጫ ስለሌለው ያንኑም አይመልስም፤ ፍሬናችሁ ነው የሚቃጠለው። የእኛዋ ከፋብሪካ ስትወጣ 40 ኪሎዋት ሰዓት ትይዝ ነበር። አሁን የምትይዘው 25 ገደማ መሆኑን ያወቅነው ኋላ ነው። 25 ይዛ ከፍቼ ተነሥታ ዓባይን ወርዳ መውጣት የነበረባት መኪና ላይ የፈረድነው እኛ ነን።

እዚህ ላይ «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ» የሚለውን አባባል እናንሣ። ከመነሣታችን በፊት መለካት ነበረብን። ባትሪ መለካት ደግሞ ከባድ ነገር አይደለም። ከመሪው ሥር ባለው መሰኪያ ላይ የሚገባ ትንሽ የኦቢዲ ማንበቢያ አለ፤ ከስልክ ጋር በብሉቱዝ ይገናኛል። ለመኪናችሁ ዓይነት የሚሆን አፕ ካገኛችሁለት፣ የባትሪውን ጤንነት በመቶኛ፣ የእያንዳንዱን ሴል ቮልቴጅ፣ ሙቀቱን ሁሉ ያሳያችኋል። ዋናው ነገር ሁለት ጊዜ ማየት ነው። አንዴ መኪናዋ ቆማ፣ አንዴ ደግሞ አቀበት ስትወጣ። ቆማ ሳለች ሁሉም ሴል እኩል ሊመስል ይችላል። አቀበት ላይ ግን አንድ ሁለቱ ከሌሎቹ ተለይተው ቁልቁል ከወረዱ፣ በሽታው የታወቀ ነው። ሁሉም እኩል ከወረዱ ደግሞ እርጅና ነው፤ ያኛው ሌላ ሐሳብ ይፈልጋል።

ወንድሜ ይህን ያስለካው ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ፣ ሌላ ባለሙያ ጋር ሄዶ ነው። ውጤቱ ይህ ነበር፦ ሙሉ ባትሪው የሚሰጠው 62 በመቶ። ነገር ግን ከሁለት ሞጁል በቀር የቀሩት 75 በመቶ አካባቢ ናቸው። ልብ በሉ፣ «ሙሉ ባትሪው ይቀየር» ያለው የመጀመሪያው ጋራዥ ይህን አልነገረውም። ያየው ዳሽቦርዱን ብቻ ነበር። በዚያ ላይ «አሮጌው ባትሪ እኛ ጋ ይቀራል» ብሎታል፤ በነፃ። ወደዚህ እመለስበታለሁ።

ከመለካታችሁ በፊት ደግሞ ሁለት ነገር አጣሩ። አንደኛ፣ ትንሿን 12 ቮልት ባትሪ። ኤሌክትሪክ መኪናም እንደማንኛውም መኪና አላት፤ እሷ ስትደክም ዳሽቦርዱ የገና ዛፍ ይመስላል፤ ብዙ ሰው ትልቁ ባትሪ የሞተ ይመስለዋል። ዋጋዋ ደግሞ ከትልቁ ጋር አይወዳደርም። ሁለተኛ፣ የባትሪያችሁን ዓይነት እወቁ። አሁን ከቻይና ከሚመጡት ብዙዎቹ ሊቲየም ብረት ፎስፌት የሚባለው ነው። ይህ ዓይነት ቮልቴጁ ከላይ እስከ ታች ብዙም ስለማይለዋወጥ ኮምፒውተሩ የቀረውን በትክክል መገመት ይቸግረዋል። አልፎ አልፎ እስከ መቶ ካልተሞላ ቁጥሩ ይዋሻል። ቁጥሩ ዘሎ ሲወርድ ባትሪው ተበላሸ ከማለታችሁ በፊት መቶ ሞልታችሁ ሞክሩት። ኒኬልና ኮባልት ያለበት ሌላው ዓይነት ደግሞ ሁልጊዜ መቶ ሲሞላና ሞልቶ ሲቆም ቶሎ ያረጃል፤ ለእሱ ከ20 እስከ 80 ይሻለዋል።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ።

ብሉምበርግ ኤን ኢ ኤፍ የሚባለው የጥናት ተቋም በየዓመቱ የባትሪ ዋጋ ያወጣል። እ.ኤ.አ. በ2010 አንድ ኪሎዋት ሰዓት ከ1,000 ዶላር በላይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2024 የዓለም አማካይ 115 ዶላር ደረሰ። በዚህ ሒሳብ 40 ኪሎዋት ሰዓት 4,600 ዶላር ነው። ይህ ግን ፋብሪካዎች በብዛት ሲገዙት ነው። እኔና እናንተ አንድ ብቻ ስንፈልግ ሻጩ አለ፣ ደላላው አለ። ሊቲየም ባትሪ በአደገኛ ጭነት ስለሚመደብ ማጓጓዣው ከባድ ነው። ቀረጡም ገጠማውም አለ። ስለዚህ የፋብሪካውን ዋጋ በስልካችሁ አይታችሁ «ጋራዡ ሊዘርፈኝ ነው» ለማለት አትቸኩሉ። ጋራዡ የጠራውንም ዋጋ ሳትጠይቁ አትቀበሉ።

«ቆይ፣ ዋጋው እየወረደ ነው፣ ልጠብቅ» የሚል አለ። በዶላር አዎ፣ ሲወርድ ነው የኖረው። በብር ግን ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሬው ሥርዓት ሲለወጥ የሆነውን አስታውሱ። ከዚያ ቀን በፊት በ57 ብር ሒሳብ ያ 4,600 ዶላር 262,000 ብር ገደማ ነበር። ዶላሩን በ150 ብር ብናስበው 690,000 ብር ይሆናል። ባትሪው ረክሶ ብሩ ከረከሰ መጠበቅ ብቻውን ትርፍ አይሆንም። ስለዚህ የሚያዋጣው «መቼ ይረክሳል?» ማለት ሳይሆን «ያስፈልገኛል ወይ?» ማለት ነው።

የወንድሜን እንየው። መኪናዋ አሁን ከምትይዘው 25 ኪሎዋት ሰዓት ውስጥ 22ቱን ቢጠቀም፣ አዲስ አበባ ውስጥ በ100 ኪሎሜትር 15 ገደማ ስለምትፈጅ፣ ወደ 145 ኪሎሜትር ትሄዳለች። በቀን የሚሠራው ከ130 እስከ 160 ነው። ምሳ ሰዓት ላይ 6 ወይም 7 ኪሎዋት በሚሰጥ ቻርጀር አንድ ሰዓት ተኩል ቢያቆማት፣ ሌላ 60 ኪሎሜትር ያህል ትጨምራለች። ማለትም ለከተማው ሥራ ይህች «ሞተች» የተባለች መኪና ትበቃለች። የማትበቃው ለዓባይ ነው። ወንድሜ ዓባይን የሚሻገረው በዓመት ስንት ጊዜ ነው? ሁለት ጊዜ። በዓመት ሁለት ጊዜ እናቱን ለማየት ሲል የመኪናዋን ዋጋ ግማሽ ሊበደር ነው። በአውቶቡስ ቢሄድስ?

«የራሴ መኪና እያለኝ በአውቶቡስ?» ይላል። ይህ የኪስ ጉዳይ አይደለም፣ የክብር ጉዳይ ነው። አገር ቤት በራስ መኪና መግባት ለእኛ ለጎጃሞች ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ፤ አልፈርድበትም። ግን ብድሩን የሚከፍለው ክብሩ አይደለም።

የአየሩም ነገር ከወንድሜ ጋር ነው። ባትሪን ዋና የሚያስረጀው ሙቀት ነው። ኒሳን ሊፍ እ.ኤ.አ. በ2010 መጨረሻ ገበያ ላይ ስትወጣ ባትሪዋ የፈሳሽ ማቀዝቀዣ አልነበረውም። በ2012 እንደ አሪዞና ባሉ ሞቃት ቦታዎች የነበሩ ባለቤቶች ባትሪያቸው ቶሎ እየደከመ ተቸገሩ፤ ኩባንያውም ለባትሪው አቅም የተለየ ዋስትና ለመስጠት ተገደደ። ቀዝቀዝ ባለ አየር የኖሩት ግን ረጅም ዕድሜ አገኙ። አዲስ አበባ በደጋነቷ ለባትሪ የተመቸች ከተማ ናት። በውጭ አገር በብዙ ሺህ መኪኖች ላይ የተሠሩ ጥናቶች የሚያሳዩትም ባትሪ በአማካይ በዓመት 2 በመቶ ያህል ብቻ እንደሚቀንስ ነው። ስለዚህ ዛሬ 62 የሆነው ነገ ጠዋት ዜሮ አይሆንም።

እንግዲያውስ መቼ ነው የሚቀየረው? አይቀየር እያልኩ አይደለም። እኔ የማስቀምጠው መስፈርት እንዲህ ነው። ተለክቶ ሁሉም ሴል እኩል ደክሞ ከሆነ፤ የመኪናዋ አካል፣ ሞተርና ማርሽ ጤነኛ ከሆኑ፤ የዕለት ሥራችሁ አሁን ከምትሄደው በላይ የግድ የሚፈልግ ከሆነና በመሃል ቻርጅ ማድረግ የማትችሉ ከሆነ፤ አዲሱ ባትሪ በወር የሚጨምርላችሁ ገቢ በሦስት ወይም በአራት ዓመት ዋጋውን የሚመልስ ከሆነ፤ ሻጩም ስለ አቅሙ በጽሑፍ ዋስትና የሚሰጥ ከሆነ፣ ቀይሩ። ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ ቆም በሉ። በተጋጨ መኪና ላይ የነበረ ባትሪ ቢቀርብላችሁ ደግሞ የተሠራበትን ዓመትና የተለካውን ጤንነት ሳታዩ አትክፈሉ፤ ባትሪ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦም ያረጃል።

ከሒሳብ ውጭ የሆነ አንድ ነገር አለ። ባትሪው ውኃ ከገባበት፣ በግጭት ከተጎዳ፣ ካበጠ፣ ወይም የኤሌክትሪክ ማምለጥ ምልክት ካሳየ፣ የማዋጣት ጥያቄ የለም፤ አትንዷት። ውስጡ ያለው እስከ 400 ቮልት ነው። የሰፈር ልጅ በፒንሳ የሚከፍተው ነገር አይደለም። ሰው ይገድላል።

ከሁለቱ መንገድ መካከል ያለው ሦስተኛው፣ ደካማውን ሞጁል ብቻ መቀየር ነው። ስለዚህ ሳስብ የሞጣው ሰባራ ድልድይ ትዝ ይለኛል። በዐፄ ፋሲል ዘመን እንደተሠራ የሚነገርለት ያ የዓባይ ድልድይ በጣልያን ወረራ ዘመን መሃሉ ተቆረጠ። ግራና ቀኙ ድንጋይ ደህና ነበር፤ የጎደለው መሃሉ ብቻ ነው። በዚያ ክፍተት ምክንያት የእኛ አገር ሰውና የእስቴ ሰው ለአሥርት ዓመታት በገመድ እየተጎተተ ሲሻገር ኖረ። በ1990ዎቹ አጋማሽ አንድ አሜሪካዊ ያንን የሚያሳይ ፎቶግራፍ መጽሔት ላይ አይቶ መጣ። ድልድዩን እንደ አዲስ አልሠሩም፤ የተቆረጠውን መሃል በብረት አገናኙት። ሰው ተሻገረ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን የዓባይ ሙላት ያንን ብረት ወሰደው። ያን ጊዜ ነው ከፍ ብሎ ተንጠልጣይ የእግር ድልድይ የተሠራው።

ትምህርቱ ሁለት ነው። የጎደለውን ብቻ መሙላት ሞኝነት አይደለም፤ ቀሪው ጤነኛ ከሆነ በትንሽ ወጪ ሰው ያሻግራል። ነገር ግን የሰበረው ነገር ተመልሶ የሚመጣ ከሆነ ጥገናው ይወሰዳል። ወንድሜ ሁለቱን ሞጁል ቢቀይር ከ25 ወደ 30 ኪሎዋት ሰዓት ሊመለስ ይችላል፤ ወደ 30 ኪሎሜትር ያህል ጭማሪ ነው። መጀመሪያ ግን ሁለቱ ለምን ተለይተው ደከሙ? ውኃ ነው? የላላ ማያያዣ ነው? ሙቀት ነው? ይህ ሳይታወቅ ቢገጠም የሚቀጥለው ክረምት ይወስደዋል። የሚገቡትም ሞጁሎች ከነባሮቹ ጋር በአቅም የሚቀራረቡ መሆን አለባቸው። አዲስ ከአሮጌ ጋር ማጣመር ጎረምሳ በሬን ከሽማግሌ በሬ ጋር መጥመድ ነው።

አሁን ስለ «ሸጦ መገላገል»። የወንድሜን ባለቤት አከብራታለሁ፤ የምትለው ግን አንድ ሌላ ቤተሰብ ይክሰር ነው። በመኪና ተራ የሚሠራውን ሁላችንም እናውቃለን። ኮምፒውተሩን ዳግም አስጀምረው የባትሪው ምልክት ለጥቂት ሳምንት ሙሉ እንዲመስል የሚያደርጉ አሉ። ገዢው ደስ ብሎት ይከፍላል፤ በወሩ እውነቱ ይወጣል። ያ ገዢም እንደ ወንድሜ የልጅ ትምህርት ቤት የሚከፍል ሰው ነው። ሞተሩ የተነቃነቀ መኪና ደብቆ መሸጥ ነውር ከሆነ፣ ባትሪው የደከመን ደብቆ መሸጥም ነውር ነው። መሸጥ መብት ነው። ግን የተለካበትን ወረቀት ከሊብሬው ጋር አድርጋችሁ ሽጡ። ለሰፈር ሥራ ብቻ የሚፈልጋት፣ በቀን 40 ኪሎሜትር የማይሄድ ሰው አለ፤ እሱ አውቆ፣ በልኩ ዋጋ ይገዛታል።

አሮጌው ባትሪስ? ጋራዡ በነፃ ሊያስቀረው የፈለገው ለጽድቅ አይደለም። ለመኪና ደከመ የተባለ 24 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ፣ በቀን 1 ኪሎዋት ተኩል ሰዓት የሚፈጅ ማቀዝቀዣን ከአሥር ቀን በላይ ያሠራል። መብራት ቀናት በሚጠፋበት እንደ ሞጣና ቢቸና ባሉ ከተሞች ውስጥ ላለ የመድኃኒት ቤት ወይም የጤና ጣቢያ ማቀዝቀዣ ይህ ትልቅ ነገር ነው። በባለሙያ ከሶላር ጋር ከተገጠመ ሁለተኛ ዕድሜ አለው። የምትቀይሩ ከሆነ የአሮጌውን ዋጋ ከሒሳቡ ላይ አስቀንሱ። በነፃ አትስጡ።

በመጨረሻ ለመንግሥትና ለአስመጪዎች። በ2014 ዓ.ም. የገንዘብ ሚኒስቴር ኤሌክትሪክ መኪናን ከኤክሳይስ፣ ከተጨማሪ እሴትና ከሱር ታክስ ነፃ አደረገ። በ2016 ዓ.ም. ጥር ላይ በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል እንዳይገባ መከልከሉ ተነገረ። ሕዳሴው ግድብ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው። አቅጣጫው ይገባኛል፤ ነዳጅ በዶላር ከምንገዛ በራሳችን ወንዝ ብንነዳ ይሻለናል። ነገር ግን ሰዉን ወደ ኤሌክትሪክ ስታስገቡት የሚለካበትን አብራችሁ ስጡት። ወንድሜ መኪናውን ለቦሎ ሲያስመረምር ፍሬኑ ታየ፣ መብራቱ ታየ፣ ጎማው ታየ። ከመኪናዋ ዋጋ ትልቁን ድርሻ ስለያዘው ባትሪ የጠየቀው አልነበረም። ጭስ የሌላት መኪና ላይ ጭስ ከመፈለግ፣ በዓመታዊ ምርመራ የባትሪው ጤንነት ተለክቶ ወረቀቱ ላይ ቢጻፍ ምን ይቸግራል? የአውሮፓ ኅብረት ከየካቲት 2027 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አዲስ የሚሸጥ የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ የራሱ ዲጂታል ፓስፖርት እንዲኖረው በሕግ ደንግጓል። እኛ ፓስፖርቱ ቢቀር አንድ መስመር በቦሎ ወረቀት ላይ ይበቃናል። ደብቆ የሚሸጥ ይቀንሳል፤ ሳይለካ «ሙሉው ይቀየር» የሚል ጋራዥም ያፍራል።

አስመጪዎችም ስለ ዋስትና እውነቱን ይንገሩን። ቻይና ውስጥ አምራቾች ለባትሪ የ8 ዓመት ወይም የ120,000 ኪሎሜትር ዋስትና እንዲሰጡ ይገደዳሉ። ያ ዋስትና ግን ለእዚያ አገር ገዢ ነው። በግል ነጋዴ በኩል ለመጣች መኪና አብሮ መርከብ ላይ አይሳፈርም። «የ8 ዓመት ዋስትና አላት» ያላችሁን ሻጭ «እዚህ የሚያሟላልኝ ማነው? በጽሑፍ ስጠኝ» በሉት።

ወንድሜ እስካሁን አልወሰነም። የብድሩን ፎርም ግን ከጠረጴዛው ላይ አንሥቶታል። መኪናዋ ምሳ ሰዓት ላይ ቻርጅ እየተደረገች ትሠራለች። ሁለቱ ሞጁል ለምን እንደደከሙ የሚያይ ሰው እየፈለገ ነው። ለሚቀጥለው በዓል ወደ ሞጣ በአውቶቡስ እንሄዳለን ብለናል፤ እሱ ገና ቅር እያለው ነው።

አንድ ነገር ልለምናችሁ። ኤሌክትሪክ መኪና ያላችሁ፣ የተሠራችበትን ዓመት፣ የሄደችውን ኪሎሜትር፣ የምትኖሩበትን ከተማና የተለካውን የባትሪ ጤንነት ከታች ጻፉልኝ። ሰሌዳና ስም አያስፈልግም። ደጋና ቆላ ለይቼ ሰብስቤ መልሼ እለጥፍላችኋለሁ። እስካሁን ሁላችንም የምንወስነው በወሬና በጋራዥ ቃል ነው፤ ቢያንስ እርስ በርሳችን እንለካካ።

ሰላም ሁኑ።